የአሥር ሰው ብልቃጥ

አባቴ ወልደ ኪዳን ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ክንድና ቂጥ ሲወጋ ኖሮ፣ የራሱን ክንድ አምጣ የተባለ ቀን የማያልቅ ትሕትና መጣበት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። ስናደድ ግን በሆዴ አንተ ይሆናል፤ ይህን የምጽፈው ደግሞ ተናድጄ ስለሆነ እንዳመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ። ትምህርቱ ከዚያ አላለፈም፤ ስሙ ግን ብዙ አልፏል። መጀመሪያ ሞጣ፣ ኋላም ቢቸና ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው «ዶክተር» ብሎ ነው ጎንበስ የሚልለት። ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ በእውነተኛ ሐኪም የታየ ሽማግሌ እንኳ ሲመለስ ማዘዣውን መጀመሪያ ለአባቴ ያሳያል። አባቴ መነጽሩን ያደርግና ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ደህና ነው፣ ዋጠው» ካለ መድኃኒቱ ይዋጣል። ዝም ካለ መስኮት ላይ ይቀራል።

ሰው ሁሉ የሚያወራለት አንድ ዘዴ ነበረው። መርፌውን ከጀርባው ደብቆ ይጠጋና፣ መዝገብ ሊሞላ የመጣ ይመስል ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ስምህ ማን ነበር?» ይላል። በሽተኛው ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። የቢቸና ሰው ግማሹ ስሙን በጩኸት የጨረሰው በአባቴ እጅ ነው። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጠላውን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለማንም አይሰጥም። ይህን ማንኛውም ባለቤት ያደርገዋል፤ እሱ ግን የቧንቧ ውኃም ቢሆን ይቀምሳል። ሳይቀምሱ ለሰው መስጠት ነውር ነው እያለ ነው ያሳደገን።

ሳንባው ግን ደካማ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ክረምት ሲገባ አተነፋፈሱ ከሳሎን ጓዳ ድረስ ይሰማል። የኮሮና ክትባት ለማን መጣ ቢባል በመጀመሪያ ደረጃ እንደሱ ላለ ሰው ነው የመጣው። ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ።

ስሜ የትናየት ነው፤ የምሠራው ሞጣ ነው። ኅዳር 2014 የክትባት ዘመቻ ሲጀመር «የአገሩ ልጅ ስለሆነች ሰው ይሰማታል» ተብዬ ለአሥር ቀን ወደ ቢቸና ተላክሁ። ሰው ይሰማታል ያለው አለቃዬ ቢቸናን አያውቃትም።

ወጣቱ ለጉዞም ለሥራም ወረቀቱን ይፈልገዋልና ብዙ አላስቸገረኝም። ችግሬ ሽማግሌው ነበር። ቤት ለቤት ስዞር አንዱ «ጉንፋን እኮ ነው፤ ለጉንፋን ደግሞ መርፌ» ብሎ ይስቅብኛል። አንዲት እናት ጸበል ጀምሬያለሁ፣ ሱባኤዬን ሳልጨርስ መርፌ ሰውነቴ አይገባም አሉኝ፤ ሱባኤያቸው አለቀ በተባለ ቀን ብመለስ ሌላ ጀምረው አገኘኋቸው። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ «በእኔ በአሮጌው ላይ ከምታባክኚው ለሕፃናት ስጪው» አሉ። ለሕፃናት የመጣ አይደለም ብላቸው ደግነታቸውን የረገጥሁባቸው ያህል ተቀየሙኝ። ከሁሉ ያበገኑኝ ግን አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ናቸው። ለእንቁጣጣሽ እንኳ የማይደውል ልጅ በቀን ሁለቴ እየደወለ እናቱን «እንዳትወጊ፣ ስልኬ ላይ ያየሁት ነገር አለ» ይላታል።

ይህን ሁሉ ተከራክሬ ተከራክሬ አንዱን አሳመንሁ ስል፣ ሰውየው ጋቢውን አስተካክሎ የመጨረሻዋን ጥያቄ ያመጣታል። «ወልደ ኪዳን ተወጋ?»

አልተወጋም። መምጣቱንስ በየቀኑ ይመጣል። ኮቱን ተኩሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በሩ ሳይከፈት ደርሶ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከምንከትብበት ክፍል ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሰልፍ ያስይዛል። የሚያስለውን ራቅ ብለህ ቁም ይላል። ውስጥ ገብቶ መርፌ አያያዜን ያይና «ትንሽ አጋደልሽው» ብሎ በሰው ፊት ያርመኛል። የሚያደርገው ሁሉ ትክክል ነው፤ ከአንዱ በቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚበቃ ነው። አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ የቀረው ይደፋል። ስለዚህ አሥር ሰው ሳይሰበሰብ አንከፍትም። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ለአባቴ ነገርሁት፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔ የባሰ ጠባቂው እሱ ሆነ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰው ተሰበሰበና አሥረኛው አባቴ ነበር። ብልቃጡን ከፈትሁ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ሴትዮ ከገጠር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አባቴ እንደ ወታደር ብድግ አለ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ከሩቅ የመጣ ይቀድማል። እኔ የቤት ሰው ነኝ።»

«አባዬ፣ እሳቸው ከሚቀጥለው ብልቃጥ ይደርሳቸዋል» አልሁት።

«የትናየት፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሴትዮዋ መርቀውት ተወጉ፣ ብልቃጡም አለቀ። ሌላ ልክፈትልዎ ስለው ከልቡ ደነገጠ። «ለእኔ ለአንድ ሰው የአሥር ሰው መድኃኒት ልትደፊ? በእኛ ጊዜ እንዲህ ዓይነቷ ነርስ ደመወዟ ይቆረጥ ነበር።»

በማግሥቱ ቦታውን ለአንድ ዓይነ ስውር ለቀቀ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ መጣ፤ ጤነኛ፣ አጥር የሚዘል ሰውዬ። አባቴ ለእሱም ተነሣለት። «ሥራ ያለው ሰው ነው፣ አይጉላላ» አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያልጣመኝ። ቢሆንም ትሕትና ሰው የሚከሰስበት ነገር አይደለም። ሁሉም እየመረቀው ይወጣል፤ እኔ ብቻ እበግናለሁ።

በአራተኛው ቀን ሰልፉ ሳሳ። በአምስተኛው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ሰው ብቻ መጥቶ ብልቃጥ ሳልከፍት ሁሉንም ወደ ቤታቸው መለስኋቸው። ፊት ለፊታችን ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ጠርታ ነገረችኝ። «እህቴ፣ ሰው የሚለውን ስሚ። ወልደ ኪዳን የሚያውቀው ነገር አለ ነው የሚለው። ሌላውን እያስገባ እሱ ለምን አይገባም ይላል።»

ቄሱ በመጀመሪያው ቀን ተወግተው በዐውደ ምሕረት ላይ ተናግረዋል። ከንቲባው ሲወጋ ፎቶ ተነሥቷል። የቢቸና ሽማግሌ ግን የቄሱንም የከንቲባውንም ክንድ አላየም። ያየው የአባቴን ክንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮት ውስጥ ነው ያለው።

የአባቴን ክንድ ከሚጠብቁት ዋነኛው ጋሼ ያለው ነበሩ። አናጢ ናቸው፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ራሱ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከአባቴ ጋር አርባ ዓመት በአንድ የሚካኤል ማኅበር ጠጥተዋል። እሳቸውንም አስም ያሠቃያቸዋል። ቤታቸው ሄጄ ስለምናቸው መጋዛቸውን እየሞረዱ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ እምቢ አላልሁም። ወልደ ኪዳን ሲወጋ እወጋለሁ። አንድ ላይ እንገባለን፣ አንድ ላይ እንወጣለን።»

«ጋሼ፣ እሱን ከጠበቁ ሳይወጉ መቅረትዎ ነው።»

«አባትሽ ነገር ሳያጠና አያደርግም» አሉና ወደ መጋዛቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ውበቴ ከጓዳ ሆነው «እሱ ከገባ እኔም እከተላለሁ» አሉ። በአንድ ቤት ሁለት ክንድ፣ ሁለቱም የአባቴን ክንድ ይጠብቃል።

ለአባቴ ነገርሁት። «የመጨረሻው ቀን እወጋለሁ፤ ያለውንም ይዤው እመጣለሁ» አለኝ። የመጨረሻው ቀን በድንበር የተጣሉ ሰዎች ላስታርቅ ብሎ ገጠር ወጣ። እኔ ሳጥኔን ዘግቼ ወደ ሞጣ ተመለስሁ። ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈንድቶበት አንድ ሰዓት ሲያቆመን ያን ሙሉ ሰዓት አባቴን እየተሳደብሁ ነው ያሳለፍሁት።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ጋሼ ያለው ማሳል ጀመሩ። ጉንፋን ነው አሉ። ስምንት ቀን ቤት ቆይተው ሆስፒታል ሲወሰዱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በአሥረኛው ቀን ሞቱ። ቢወጉ ኖሮ በእርግጥ አይሞቱም ነበር አልልም፤ ነርስ እንዲህ ብላ አትምልም። የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ይል ነበር፤ ያንን ዕድል ነው አባቴ ከአግዳሚው እስኪነሣ ሲጠብቁ ያጡት።

ለለቅሶው ቢቸና ሄድሁ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። በለቅሶ ላይ አባትን መቆጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አስነሥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድሁት።

«ጋሼ ያለው እርስዎን ሲጠብቁ ሞቱ» አልሁት።

«ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ቀኑ አልደረሰም፣ እርስዎ ነዎት ያልደረሱት። አሥር ቀን ሙሉ ቦታ ሲለቁ ነበር። ለማን ነበር የሚለቁት? ለዚያ ለጎልማሳው?»

አባቴ ከዘራውን አየ። ለመናገር አፉን ከፈተና ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆሜ ጠበቅሁ። ሲያልፍለት «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴን ጠልቼው አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ይሞትብኛል ብዬ ፈርቼ አላውቅም።

ሞጣ ከተመለስሁ በኋላ እትዬ ኸይራት ለሁለተኛው መርፌ መጡ። ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አያት ቅድመ አያታቸውም እዚያው የነገዱ ሴት ናቸው። ሐጅ ሊሄዱ ስላሰቡ ያለ ክትባት ወረቀት አይሆንም ተብለው ከሰፈራቸው ቀድመው የተወጉት እሳቸው ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው ነው የመጡት። የወልደ ኪዳን ልጅ መሆኔን ያውቃሉ። «የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የወጋኝ እሱ ነው» እያሉ ይስቃሉ። «‹ስምሽ ማን ነበር?› አለኝ። ‹ኸይ› ብዬ ነው የተወጋሁት፤ ‹ራት› ያልሁት እያለቀስሁ ነው።»

ያን ቀን ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው። እሳቸው ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው ሰሙኝና እንደ ቀላል ነገር ተናገሩ።

«አንቺስ ለምን ከቤቱ አስወጥተሽ ትለምኚዋለሽ? ሰው በውጭ ሲሆን ‹እናንተ ቅደሙ› ማለት ይችላል። በገዛ ቤቱ እንዴት ብሎ ይላል? እኔ ሱቄ ውስጥ የማልለብሰውን ጨርቅ ለማንም አልሸጥም። አባትሽ በቤቱ ሳይቀምስ የሚያቀርበው ነገር አለ?»

ሌላ አልጠየቅኋቸውም። ስልኬን አውጥቼ የየካቲት ሚካኤል ማኅበር ተራ የማን እንደሆነ ቢቸና ደወልሁ። የአባቴ ተራ ነበር።

የካቲት ላይ ሁለተኛው ዙር ዘመቻ ነበርና ፈቃድ ጠይቄ እንደገና ቢቸና ተመደብሁ። የማኅበሩ ዕለት የክትባት ሳጥኔን በበረዶ ሞልቼ ወደ አባቴ ቤት ገባሁ። ያሰብሁትን ለአክስቴ ለስንቄ ብቻ ነግሬያቸዋለሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ክትባታቸውን ቀድመው ጨርሰዋል፤ ከቤተ ዘመድ አባቴን አንተ ብለው የሚቆጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ማኅበርተኛው አሥር ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ጋሼ ያለው ይቀመጡበት የነበረው ዱካ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቄሱ ከሄዱ በኋላ ተነሣሁ። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና ምን እንደያዝሁ፣ ስለ ማን ስል እንደመጣሁ ተናገርሁ። የጋሼ ያለውን ስም ስጠራ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የሆኑት ጡረተኛው አስተማሪ እንኳ ስለ ሕፃናት አላነሡም። አባቴ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆሞ ጠላ እየቀዳ ነበር። ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መልካም፤ እንግዲህ በዕድሜ ይጀመር። እናንተ ቅደሙ» አለ።

ደሜ ፈላ። አክስቴ ግን ከእኔ ቀደሙ።

«ወልደ ኪዳን፣ ይህ በቤትህ የቀረበ አይደለም?»

«ነው።»

«በቤትህ የቀረበውን ማን ነው የሚቀምሰው?»

ማንም አልሳቀም። ስምንቱም ወደ አባቴ ዞሩ። ወደ በሩ አየ፤ ከሩቅ የመጣ የለም። ወደ እንግዶቹ አየ፤ ዓይነ ስውር የለም። ለአንድ ሰው አይከፈትም እንዳይል ቤቱ በሰው ሞልቷል። ማንቆርቆሪያውን ሊያስቀምጥ ሲል ጠላው ፈሰሰ፤ ሳይጠርገው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሠላሳ ሦስት ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ዓይኑን ከሳጥኔ ላይ ማንሣት አቃተው።

ቀረብ ብዬ በለሆሳስ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ከዚህ በፊት ተወግተው ያውቃሉ?»

«እኔን ማን ይወጋኛል?» አለ። «የምወጋው እኔ ነበርሁ።»

ያ ሁሉ «ይግቡ፣ ከሩቅ የመጣ ይቀድማል»፣ ያ ሁሉ ደንብ ጠባቂነት፣ ያ ሁሉ ሽምግልና፣ ከአንዲት ቀጭን መርፌ መሸሺያ ነበር። መናደዴ አልቀረም። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ይህን አንድ ቃል ኅዳር ላይ ቢነግረኝ እጁን ይዤው እገባ ነበር። ኮቱን አወለቅሁለት። ብልቃጡን ከፍቼ ቀዳሁና መርፌውን ከጀርባዬ ይዤ ተጠጋሁት።

«ስምዎ ማን ነበር?» አልሁት።

«ወልደ...» አለ፤ ወጋሁት። «...ኪዳን» ሲል ጥጡን እየያዝሁለት ነበር። ክንዱን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ የኔ ነው» አለ፤ የሰረቅሁት ያህል። ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሳቀው።

ከዚያ ስምንቱ አንድ በአንድ መጡ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ኅዳር ላይ አሥር ቀን የለመንኋቸው ሰዎች ናቸው። ስጨርስ አባቴ ከልማዱ ብልቃጡን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለ። «ማን ነው ያልተወጋው?» ቤቱን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ጣቱ ከበሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ቆመ።

ብልቃጡ የተከፈተው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አባቴ ሰዓቱን አየ፣ ከዘራውን አነሣ፣ ኮቱን ሳይለብስ፣ የሸሚዙን እጅጌ እንደሰበሰበ፣ «ሳጥኑን ያዢ» አለኝ። የት እንደምንሄድ አልጠየቅሁትም። ጥጡ ክንዱ ላይ እንደተጣበቀ በመንደሩ መካከል አለፈ፤ ሰው ሁሉ አየው።

እትዬ ውበቴ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከባላቸው የሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጥቁር ለብሰዋል። አባቴ ፊታቸው ቆሞ ክንዱን ዘረጋ።

«ውበቴ፣ ተወግቻለሁ።»

እትዬ ውበቴ ጥጡን አዩት።

«አሁን?» አሉ።

«ፈርቼ ነው» አለ አባቴ። «ሌላ ነገር አልነበረም። መርፌ ፈርቼ ነው።»

እትዬ ውበቴ ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ አንሥተው መሬት አስቀመጡት። «እሱም እኮ ፈርቶ ነበር» አሉ። «‹ፈራ ብሎ ወልደ ኪዳን እንዳይስቅብኝ› ብሎ ነው፣ አንተን እጠብቃለሁ እያለ የከረመው።»

አባቴ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ውበቴ ለእኔ ክንዳቸውን ሰጡኝ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ ቀስ ብዬ ወጋኋቸው፤ ብልቃጡም አለቀ።